ከድልድዩ እስከ በሩ

ግላስጎው፣ ማርች 2 ቀን 1995

ለወይዘሮ ኢዞቤል ጎልት
ድራምሄሪን

እናቴ ያለ ሰላምታ ደብዳቤ አትጻፉ እያለች ነው ያሳደገችን። ስለዚህ እንደምን ከርመዋል? አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ካርድዎ ደርሶናል። ሐምራዊ ጠርዝ ያለው፣ መስቀል የታተመበት፣ ካህን የፈረመበት ካርድ። «ለነፍሱ ዕረፍት ቅዳሴ ይቀደስለታል» ይላል፤ ከሥሩ በእርስዎ እጅ «ማላኪ ክዊግ» ተብሎ ተሞልቷል። አባቴ ማላኪ ክዊግ ፖስታውን ሲከፍት ገንፎውን እየበላ ነበር። መሞቱን ካነበበ በኋላ ገንፎውን ጨረሰ። እኔ ግን እስካሁን እህል አልወረደልኝም።

እኛ ካቶሊኮች ይህን ካርድ የምንልከው ለሟች ቤተሰብ ነው። በሕይወት ላለ ሰው ሲላክ «ትሞታለህ» ማለት እንደሆነ፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሲገዳደሉ በኖሩበት በዚያ አገር የኖረ ሁሉ ያውቃል። ሱቃችን የተቃጠለ ሰሞን ልክ እንደዚህ ያለ ካርድ በበራችን ሥር ገብቶ ነበር። ያኔ የላኪው ስም አልነበረበትም። እርስዎ ስምዎን ጽፈዋል፤ ለድፍረትዎ አድናቆቴ ይድረስዎ።

ከመንደሩ ከወጣን ሃያ አንድ ዓመት ሆነን፤ አንዲት መስመር ጽፈውልን አያውቁም። አሁን ማን ላከዎት? ባለቤትዎ ሴሲል ናቸው ወይስ ያ ብርቱካናማ መታጠቂያ የሚታጠቁበት የፕሮቴስታንት ማኅበራቸው? አባቴ መታመሙን ማን ነገራችሁ? አድራሻችንንስ ከማን አገኛችሁ? ጠመንጃው ዝም ካለ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ፖስታ ቤቱ ግን ሥራውን አልተወም ማለት ነው።

ዲምፕና ክዊግ

———

ድራምሄሪን፣ ማርች 8 ቀን 1995

ውድ ዲምፕና፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። እስካሁን ፊቴ በእፍረት ይነዳል። ይቅርታ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። በጋሽ ማላኪ እግር ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

የሆነውን ልንገርሽ። መታመማቸውን የነገረችኝ የአጎትሽ ልጅ ኡና ናት፤ አድራሻውንም የሰጠችኝ እሷው ናት። ጆሮ ጠቢ አልቀጠርኩም። እንዲሻላቸው የምመኝበት ካርድ ልልክ ፈለግሁ። ከኛ ሰፈር አበባ ያለበትን መግዛት እችል ነበር፤ ግን በእናንተው ወግ ብጽፍላቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ከተማ ድረስ ሄጄ፣ ካቶሊክ ቤተክርስቲያኑ አጠገብ ያለው የንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ገባሁ። በዕድሜዬ ገብቼበት አላውቅም። ገና በሩን እንዳለፍኩ የኛ ሰባኪ ሚስት በመስኮቱ ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ደንግጬ ከመደርደሪያው ያማረኝን አነሳሁ፤ ሐምራዊው ነበር።

አላነበብሽውም ወይ ብትይኝ፣ አንብቤዋለሁ። እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም፤ የሞተው ጉዳዩ ከጌታ ጋር አልቋል ብለን ነው የምናምነው። ስለዚህ ቅዳሴ ለሙታን እንደሚላክ በሐሳቤም አልመጣ። «ለነፍሱ ዕረፍት» ሲል ደግሞ፣ ለታመመ ሰው ዕረፍት ጥሩ ነው ብዬ አለፍኩት። ሳቂብኝ፤ ይገባኛል።

ለምን አሁን ትያለሽ። ጌታ የሚያስታርቁትን ልጆቹ ብሎ ጠርቷቸዋል። ይህን ቃል በቤተክርስቲያናችን ኦርጋን ስመታ ስንት ዓመት ሰማሁት፤ ሁልጊዜ ለፖለቲከኞች የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ጠመንጃው ሲቆም ግን የማመካኝበት አጣሁ። ለኔም ነው የተነገረው፤ የኔ ድርሻ ደግሞ የእናንተ ቤት ነው።

ኡና ሌላም ነገር ነግራኛለች። ጋሽ ማላኪ እዚህ ከእናትሽ ከሮዛሊን ጎን መቀበር ይፈልጋሉ፤ አንቺ ደግሞ ሬሳቸው በመንደሩ ሲያልፍ ድንጋይና ስድብ ይጠብቀዋል ብለሽ ፈርተሻል። ጌታ ያርቀውና ጊዜው ሲደርስ፣ ከድልድዩ እስከ ቤተክርስቲያናችሁ በር ድረስ የኛ ሰዎች ከእናንተ ጋር እንዲሸከሟቸው አደርጋለሁ። ጎረቤት ለጎረቤቱ ትከሻ መስጠት የአገራችን ወግ ነበር። የፕሮቴስታንት ትከሻ ከሥሩ ካለ ማንም እጁን አያነሳም።

አንቺ እያልኩ ስጽፍልሽ አትቀየሚኝ። ከአባትሽ ሱቅ አብረን ከረሜላ እየሰረቅን ነው ያደግነው።

ኢዞቤል

———

ግላስጎው፣ ማርች 30 ቀን 1995

ለወይዘሮ ጎልት፣

አባቴ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ሳቁ ሳል ሆነበትና ሐኪም ልጠራ ነበር። ካርድዎን ከምድጃው በላይ አቁሞታል። «የተፈረመ ቅዳሴ አይባክንም፤ እስክሞት ይቀመጥልኝ» ይላል። አሁንም ኦርጋን ይመታሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሱ አምኖዎታል። እሱ ሱቁ ሲነድም የመብራት ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል ያለ ሰው ነው።

እኔ እሱን አይደለሁም። ለሰላም ተብሎ ከአውሮፓ ብዙ ገንዘብ እየመጣ ነው ይባላል፤ ከካቶሊክ ጋር ፎቶ የተነሳ ሁሉ ድርሻ አለው አሉ። የኛን ሬሳ ፎቶ ሊያነሱበት ነው? ወይስ ሱቁ የነበረበት ቦታ ላይ ዓይን የጣለ ሰው አለ? ደግ ሰው ሲበዛብኝ በር መቆለፌን አያለሁ፤ እንዲህ ያደረገኝ ደግሞ የእርስዎ መንደር ነው።

ትከሻ እንሰጣለን ብለዋል። አውቀዋለሁ ትከሻችሁን። እናቴ ስትቀበርም መጥታችሁ ነበር። እስከ በሩ ተሸከማችሁ፤ በሩ ላይ ሣጥኑን ለኛ ሰዎች አስረክባችሁ ቆማችሁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እርስዎና ሴሲል ዝናብ ላይ ስትቆሙ በተከፈተው በር አየኋችሁ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ አክብሮት ነው» አለ። እኔ ግን እናቴን እስከ በር ሸኝታችሁ ከዚያ ወዲያ እንደማታውቋት ነው የተሰማኝ። ለአባቴም ያሰቡለት ይህንኑ ነው?

አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ ከዚያ ስለ ሸክም እናወራለን። ሱቃችን የነደደ ዕለት ሴሲል የት ነበሩ?

ዲ. ክዊግ

———

ድራምሄሪን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1995

ውድ ዲምፕና፣

ለመመለስ የዘገየሁት መልሱ የኔ ስላልሆነ ነው።

እራት ላይ ጠየቅሁት። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ እዚያ አልነበርኩም» አለ።

ሾርባዬን ገፋ አድርጌ ጠበቅሁት።

«ጭሱን ግን አይቻለሁ። አይቼ ላሞቹን ማለብ ቀጠልኩ።»

ተነስቶ ወደ ጋጣው ወጣ። ሲመለስ «ልጽፍላት ነው» አልኩት። «ጻፊላት። ከተሸካሚዎቹም አንዱ እኔ ነኝ በያት» አለኝ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም፤ ከዚህ ያነሰም አልጻፍኩልሽም። አሌክ ፐርዲ፣ ሥጋ ሻጩ፣ እሺ ብሏል። ሌሎቹን ደግሞ አንድ በአንድ እየለመንኩ ነው። ገንዘብም ፎቶም የለበትም።

ስለ በሩ ግን ምን ልበልሽ። ሴሲል ማኅበሩ ሲገባ የካቶሊክ ቅዳሴ ውስጥ እንደማይገኝ ምሏል፤ ደግሞ የማለውን የሚበላ ሰው አይደለም። እኔ አልማልኩም። እኔ የቆምኩት እሱ ስለቆመ ነው። አስቤበት እጽፍልሻለሁ።

ጋሽ ማላኪ አሁንም ኦርጋን ትመታለች ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ለጊዜው አርፌያለሁ። ጣቶቼን ቁርጥማት ቢጤ ይዟቸዋል።

ኢዞቤል

———

ግላስጎው፣ ጁን 11 ቀን 1995

ለወይዘሮ ጎልት፣

አባቴ ትናንት ዐረፈ። ረቡዕ ማታ በመርከብ እንሻገራለን፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሬሳው ድልድዩ ጋ ይደርሳል። ቃልዎ ቃል ከሆነ እዚያ እንገናኝ።

ከሚሸከሙት ሰዎች በቀር ለማንም አይንገሩ። ለኡናም ሆነ ለቄሳችን ለአባ ኮልም የምነግራቸው እኔው ነኝ።

ዲምፕና ክዊግ

———

ድራምሄሪን፣ ጁን 16 ቀን 1995

ዲምፕና፣

ሰላምታ የለኝም። እናትሽ ይቅር ትበለኝ።

ትናንት ስድስት ሰዎች ጥቁር ክራቫት አስረው ድልድዩ ላይ ቆሙ። አሌክ ሱቁን ዘግቶ መጣ። እኔ ከጎናቸው ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። ለማኅበሩ የጁላይ ሰልፍ ባንዲራ የሚሰቅሉ ጎረምሶች መሰላል ላይ ሆነው መጫወቻ አደረጉን። «ጋሼ፣ ጳጳሱን ነው የምትጠብቁት?» አሉ። አሌክ «አይ፣ ባቡር ነው» አላቸው። ድራምሄሪን ባቡር ካየ ዘመን አልፎታል፤ መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። ረፋዱ አልፎ ከሰዓት ሲሆን ግን የሚስቅ ጠፋ። ሰው በመስኮት እያየን፣ ዝናቡ አንገታችን ውስጥ እየገባ፣ መንገዱ ባዶ።

መጨረሻ ላይ ሴሲል ሄዶ የአባ ኮልምን በር አንኳኳ። የቄስ በር ሲያንኳኳ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ «ኀዘናችሁ ኀዘናችን ነው» አላቸው። «ማን ሞተ?» አሉት። ኡና ደግሞ ላልሞተ ይሁን ለሞተ ሳታውቅ ለአጎቷ ስታለቅስ ዋለች።

ምን ፈልገሽ ነው? እኔን ማዋረድ ከሆነ ቀላል መንገድ ነበረ፤ እነዚያ ሰዎች ግን ምን አደረጉሽ? ለምኜ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ሴሲል ቤት ሲገባ ክራቫቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና ወደ ላሞቹ ሄደ። ንዴቴን እንዴት እንደምደብቀው አላውቅም፤ ልደብቀውም አልፈልግም።

አባትሽ ሞተዋል ወይስ አልሞቱም? ቢያንስ ይህን ንገሪኝ።

ኢዞቤል

———

ግላስጎው፣ ጁን 24 ቀን 1995

ኢዞቤል፣

አልሞተም።

ምድጃው አጠገብ ተቀምጧል፤ አያናግረኝም። አንቺ ሳታውቂ ገደልሽው፤ እኔ እያወቅሁ ገደልኩት። የኔ ይብሳል፤ ማስተባበያ አላበዛም።

የፈለግሁት ይህ ነበር። ቀኑን ላንቺ ብቻ ነገርኩሽና አንድ የማታውቁት ሰው በመኪና በዚያ እንዲያልፍ ለመንኩት። ነገሩ ወጥመድ ከሆነ ባዶ መንገድ ላይ ይታይ እንጂ በአባቴ ሬሳ ላይ አይታይ ብዬ ነው። ድንጋይ ይዘው የሚጠብቁን ይኖራሉ ብዬ ልቤ ቆርጦ ነበር። ሰውዬው ስልክ ደወለልኝ። «ጥቁር ክራቫት ያሰሩ ስድስት ሽማግሌዎችና አንዲት ሴት ዝናብ ላይ ቆመዋል። ሌላ ምንም የለም» አለኝ። 

ማታውኑ ለአባቴ ተናገርኩ። ያን ያህል ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ስድስት ሰው ለቀብሬ መጥቶ እኔ ቀረሁ? ሰማኒያ ዓመት ኖሬ ሰው አስቆሜ አላውቅም! አሁን በምን ዓይኔ ነው የምሞተው?» አለ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ አለቅሳለሁ።

ኡናም ጽፋልኛለች፤ ስድቧን ይገባኛል ብዬ ተቀብያለሁ። ያንቺን ጉዳይ ግን ከእሷ መስማት አልነበረብኝም። ቁርጥማት የለብሽም። ያን ካርድ ስትገዢ የሰባኪው ሚስት ስላየችሽ ነው ከኦርጋኑ ያስነሱሽ። ሰላም የማይሉሽም አሉ አሉኝ። አንድ ነገር ትደብቂኛለሽ ብዬ ስጠረጥርሽ ነበር፤ የደበቅሽኝ ይህ መሆኑን ግን አልጠረጠርኩም። ለምን አልነገርሽኝም?

በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ዲምፕና

———

ድራምሄሪን፣ ጁላይ 3 ቀን 1995

ዲምፕና፣

እንኳን አልሞቱ። ይህን ለመጻፍ ንዴቴ እስኪበርድ ጠበቅሁ።

ያልነገርኩሽ፣ ብነግርሽ ወይ «በቃ ተዪው» ትያለሽ ወይ ውለታ አስቆጠረችብኝ ትያለሽ ብዬ ነው። ኦርጋኑ ይናፍቀኛል። እሑድ እሑድ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ይመታሉ። ማስታረቅ ሲባል ሁለት ሰዎች እየሳቁ ሲጨባበጡ ነበር የሚታየኝ፤ መሐል የቆመው ሰው ከሁለቱም በኩል ጥርጣሬ እንደሚቀምስ ማንም አልሰበከልኝም።

ይቅር ብዬሻለሁ። ስድስቱ ግን ሌላ ናቸው። አሌክ «ከእንግዲህ ለሬሳ ቀርቶ ለአውቶብስም አልቆምም» ብሏል። ሌሎቹም አይመለሱም። ሴሲል ዝም ብሏል፤ የሱን ዝምታ ደግሞ እኔም አላነበውም። ስለዚህ ያንን ቃሌን መልሼ ልሰጥሽ አልችልም። የኔን ብቻ እሰጥሻለሁ።

ኢዞቤል

———

ግላስጎው፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1995

ውድ ኢዞቤል፣

አባቴ ዛሬ ጠዋት ዐረፈ። አሁን እውነት ነው። እንድታምኚኝ ማድረጊያ የለኝም፤ አባ ኮልምን ጠይቂ፣ ኡናን ጠይቂ፣ ለፈለግሽው ሁሉ ንገሪ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ድልድዩ ጋ እንደርሳለን።

ካርድሽን ከምድጃው በላይ አውርጄ እጁ ውስጥ አድርጌለታለሁ። ጊዜው ደረሰለት።

ማንም ባይመጣ አልቀየምም። መንገዱን ግን ፈርቻለሁ።

ዲምፕና

———

ድራምሄሪን፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1995

ውድ ዲምፕና፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን በአፌ ልነግርሽ ነበር፤ አንቺ ግን ከመቃብሩ ቀጥታ ወደ መርከብሽ ሄድሽ። ዓይኔንም አላየሽኝም።

ድልድዩ ላይ ሁለት ብቻ ሆነን በመቆማችን አፍሬያለሁ። የኡና አራት ልጆች ሣጥኑን ከመኪናው ሲያወርዱ ሴሲል ከፊት ገባ፤ ከኋላ በኩል አንድ ትከሻ ጎደለ። ሴት ሣጥን ስትሸከም እዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ገባሁበት። መንደሩ በር ዘግቶ በመጋረጃ ያየን ነበር፤ ድንጋይም ስድብም አልመጣም። በሩ ጋ ስንደርስ ሴሲል ቦታውን ለአንድ የእናንተ ሰው ለቀቀና ጃንጥላዬን ከክንዴ ተቀብሎኝ ቆመ። እኔም ለመልቀቅ አስቤ ነበር። ስለ በሩ አስቤበት እጽፍልሻለሁ ብዬ ሳልጽፍልሽ ቀርቼ ነበር፤ መልሱን እግሬ ሰጠሽ። ገባሁ።

ከኋላ ተቀመጥኩ። መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ እንደሚንበረከኩ ሳላውቅ ሰው እያየሁ ተከተልኩ። ቅዳሴው እኩል ሳይደርስ ግን የፊቱ ወንበር ላይ ቀና ብዬ ስፈልግሽ ቦታሽ ባዶ ነው። ከጎኔ ያሉት ሴቶች «የነሱዋ ስለገባች ነው የወጣችው» ሲሉ ሰማሁ። እስኪያልቅ አልተመለስሽም።

እውነቱን ንገሪኝ። በኔ መግባት ተቀይመሽ ነው? ውጭ ብቆምም አልወደድሽው፤ ብገባም ካልወደድሽው የት ልቁምልሽ? ሴሲልን «ዲምፕና ስትወጣ አይተሃል?» ብዬ ብጠይቀው «አላየሁም» ብሎኝ ወደ ላሞቹ ሄደ። ጃንጥላዬንም የት እንደጣለው አያውቅም። አንድ የተደበቀኝ ነገር አለ። አሁን ደግሞ ተጠራጣሪዋ እኔ ሆንኩ።

የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቅዳሴ መግባቴን ሰምተው ለሐሙስ ጠርተውኛል። ይጥሩኝ፤ እሄዳለሁ።

ኢዞቤል

———

ግላስጎው፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1995

ውድ ኢዞቤል፣

ሴሲል አላየሁም ካለሽ ዋሽቶሻል። ማኅበሩ ስለ ውሸትም አምሎት ቢሆን ጥሩ ነበር።

ስትገቢ አይቼሻለሁ። ሣጥኑ ሥር ጎንበስ ብለሽ፣ ባርኔጣሽ ተንጋዶ። ያን ጊዜ አፌን በመሐረብ ሸፈንኩ፤ አባ ኮልም ኀዘን መሰላቸው። ከዚያ ንባቡ ሲነበብ ዞር ስል በተከፈተው በር ሴሲልን አየሁት። ለእናቴ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ነው። ያኔ ሁለት ነበራችሁ። አሁን አንቺን ለኛ ሰጥቶ ብቻውን ቀርቷል። አባቴ አንቺ አለሽለት፣ አባ ኮልም አሉለት፣ ክዊጎች በሙሉ አሉለት። ሴሲል ግን ማንም አልነበረውም። ተነስቼ በጎን በር ወጣሁ።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ? አባትሽ ያለው ውስጥ ነው» አለኝ።

«ኢዞቤል አለችለት» አልኩት።

«እኔ አልገባም። ምያለሁ።»

«ማን ግባ አለህ? ጠጋ በል፣ እየረጠብኩ ነው።»

ጠጋ አለልኝ።  መዝሙሩ ሲጀመር፣ እኔን ሳያይ፣ «ጭሱን አይቻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ። ኢዞቤል ጽፋልኛለች።»

«እሷ መጻፏን አውቃለሁ። እኔ ልነግርሽ ይገባል» አለና አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ያ ሁሉ ትከሻ፣ እንደዚያ ሲያለቅስ። እጁን ያዝኩት። ማድረግ የቻልኩት ይህን ብቻ ነው፤ ይቅር ብዬሃለሁ የሚለው ቃል ያን ቀን ከአፌ አልወጣም፤ ምናልባት ሌላ ቀን ይወጣል። «አደራ፣ ለኢዞቤል እንዳትነግሪ» አለኝ። የማለ እሱ ነው፤ እኔ አልማልኩም።

ዓይንሽን ያላየሁት ለዚህ ነው። ባይሽ ሁሉን እዘረግፈው ነበር፤ እሱ ደግሞ ከጎንሽ ቆሞ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። እንዳትደብቂኝ፤ ኡና አለችልኝ።

ጃንጥላሽ እኔ ጋ ነው። ሳላስበው ይዤው መርከብ ገባሁ። በፖስታ አልልከውም። ጃንዋሪ ውስጥ የእናቴ ሙት ዓመት ነው፤ ይዤው እመጣለሁ። አንቺና ሴሲል በሩ ላይ ጠብቁኝ።

አሁን አልቀርም።

ዲምፕና